ቢላውን ለሽንኩርቱ ግዢው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። አምና አዲስ አበባ ሄጄ አንዲት ጓደኛዬ ሱሺ የሚባለውን የጃፓን የሩዝና የዓሣ ምግብ ጋበዘችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀረ። አሁን ቤቴ ልሠራው ቆርጫለሁ። እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው፤ በሚቀጥለው ወር ለእረፍት ትመጣለች። "ምን ላምጣልሽ?" ስትለኝ የሱሺ ዕቃ አልኳት። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ 20 ዕቃ በአንድ ካርቶን የያዘ የሱሺ መሥሪያ ነው። ሌላው ያናጊባ የሚባለው ረጅሙ የጃፓን ቢላ፣ 27 ሳንቲ ሜትር የሆነው። ለዚህ 20 ሺህ ብር አስቀምጫለሁ። ዓሣው አያሳስበኝም፤ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ ትኩስ ቆሮሶ እገዛለሁ። ባለቤቴ ግን ይስቅብኛል። "ከቁርጥ በቀር ጥሬ ነገር አልበላም" ይላል። ደግሞ ግራኝ ስለሆንኩ "በዚያ ረጅም ቢላ ጣትሽን ትቆርጪዋለሽ" እያለ ያስፈራራኛል። ምን ይመክሩኛል? ስንት ዓይነት ቢላስ ያስፈልገኛል?

ሱሺ ያማራት፣ ከሐዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ትልቁን ነገር እንደ ቀልድ ጣል አድርገሽው አለፍሽ። ግራኝ ነሽ። እሱን ባትጽፊልኝ ኖሮ የምክሬ ግማሽ ገደል ይገባ ነበር።

ያናጊባ እንደኛ ቢላ አይደለም። የኛ ቢላ ከሁለቱም ጎን ተስሎ ጫፉ ላይ ይገናኛል። ያናጊባ የሚሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። የቀኝ ጎኑ ተዳፋት ነው፤ የግራ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ እንዲያውም ወደ ውስጥ ትንሽ ጎድጎድ ያለ። የተሠራው በቀኝ እጁ ለሚቆርጥ ሰው ነው። በግራ እጅ ሲያዝ ስለቱ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ ጎን ይሸሻል። ልጅ ሆነሽ ትምህርት ቤት በመቀስ ወረቀት ስትቆርጪ ለአንቺ ብቻ እየታጠፈ አላስቸገረሽም? ነገሩ ያው ነው። ለግራኝ የሚሠራ ያናጊባ አለ። ግን አብዛኛውን ጊዜ በትእዛዝ ነው የሚገኘው፣ ዋጋውም ከቀኙ ይበልጣል። እህትሽ ሱቅ ገብታ "ያናጊባ" ብትል አንስተው የሚሰጧት የቀኙን ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ሳያውቀው እውነት ተናግሯል። ርዝመቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው የሚያስቸግርሽ።

ቀኝ እጅ ብትሆኚም ግን "ተይው" ነበር የምልሽ። ያናጊባ ለአንድ ሥራ የተፈጠረ ቢላ ነው። ጥሬ ዓሣ ላይ ከእጀታው ሥር ታሳርፊውና እስከ ጫፉ አንዴ ትጎትቺዋለሽ። አለቀ። እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ካልሽው የዓሣው ፊት ይሻክራል። 27 ሳንቲ ሜትር የሆነውም ለዚሁ ነው፣ ጉተታው ሳያልቅ ዓሣው እንዲያልቅ። ሱሺ ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንን ስለሆነ ያስፈልገዋል። አንቺ ግን ጥሬ ዓሣ አትቆርጪም። ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አሞራ ገደልን በደንብ አውቀዋለሁ። ጥሬ ቆሮሶ በዳጣ እያጠቀስኩ የበላሁበት ጊዜም አለ፣ አልዋሽሽም። ይጣፍጣል። አሁን ግን አልበላም። ልጆች ላሉበት ቤትም አልመክርም። ዓሣው ትኩስ ስላልሆነ አይደለም። ጠዋት ከጀልባ ከወረደ ዓሣ በላይ ትኩስ ከየት ይመጣል? ግን ትኩስነት ጥገኛ ትልን አያጠፋም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን፣ ሐዋሳንም ጨምሮ፣ ዓሣ የመረመሩ ሰዎች ኮንትራሴከም የሚባል ክብ ትል አግኝተዋል። አዋቂው ትል የሚኖረው ዓሣ በሚበሉ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ በኩሳቸው ሐይቅ ይገባል። ከዚያ ወደ ጥቃቅን የውኃ ፍጥረታት፣ ከእነሱ ወደ ዓሣው። ሐይቅ ዳር ቆመን ፎቶ የምናነሳቸው ወፎችና ሳህናችን ላይ ያለው ቆሮሶ እንዲህ ያለ ዝምድና አላቸው።

ሎሚ ብትጨምቂበት፣ ዳጣ ብትለቀልቂው፣ አቼቶ ውስጥ ብትዘፈዝፊው ልትተማመኚበት አትችይም። ከሱሺ ጋር የሚቀርበው የሚያቃጥል አረንጓዴ ማባያ፣ ዋሳቢም አያድንሽም። የሚታመኑት እሳትና ኃይለኛ ቅዝቃዜ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥሬው ለሚበላ ዓሣ የሚመክረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ለ7 ቀን ማቆየትን ነው። የቤታችን ፍሪጅ የላይኛው በረዶ ቤት ብዙውን ጊዜ ያን ያህል አይወርድም። ቢወርድም መብራት አለ። 7 ቀን ሙሉ መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ካገኘሽ ንገሪኝ፣ እኔም ቤት ልከራይ። "ከአዲስ አበባ የበረዶ ሳልመን አስመጣለሁ" እንዳትዪኝም። ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገድ ላይ ቀልጦ እንደገና ቢቀዘቅዝ በምን ታውቂያለሽ?

ደግሞ ሱሺ ማለት ጥሬ ዓሣ ማለት አይደለም። ሱሺን ሱሺ የሚያሰኘው በአቼቶ የተቀመመው ሩዝ ነው። ጥሬ ዓሣ ያለ ሩዝ ሲቀርብ ስሙ ሳሺሚ ነው፣ ሌላ ምግብ። ጃፓኖች ራሳቸው የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ሲሆን ይጠነቀቃሉ። ቢዋ የሚባለው ትልቁ ሐይቃቸው አካባቢ ፉናዙሺ የሚሉት ጥንታዊ ሱሺ አለ። ዓሣው ለወራት በጨው ይቆያል፣ ከዚያ ከሩዝ ጋር ታሽጎ አንድ ዓመት ያህል ይብላላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሽታው ለለመደው ብቻ ነው ይባላል። ዋሳ (ቆጮ ማለት ነው) ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ እያየ ላደገ የሲዳማ ልጅ ግን ይህ ብዙ የሚያስገርም አይመስለኝም።

ስለዚህ ቆሮሶውን አብስዪው። ስስ አድርገሽ ዱቄት ነስንሰሽ ጥበሺው፤ ሲበርድ በረጅሙ ቁረጪውና ከአቮካዶና ከኪያር ጋር ጠቅልዪው። አቮካዶ በሲዳማ ምድር ተትረፍርፎ ለሱሺ ዓሣ መጨነቅ ራሱ ይገርመኛል። እንቁላል ጠብሰሽ በቁራጭ አስገቢበት፣ የታሸገ ቱና በማዮኔዝ ለውሺ፣ ካሮት ቀቅዪ። በጾም ቀን አቮካዶ፣ ካሮትና ኪያር ይበቃሻል። ዋሳቢ ፍለጋም አትድከሚ። በቱቦ የሚሸጠው አብዛኛው ዋሳቢ ሌላ የሚያቃጥል ሥር ከሰናፍጭ ጋር ተፈጭቶ አረንጓዴ ቀለም የገባበት ነው። አረንጓዴ ዳጣ ከጎኑ አድርጊ። ሞክሬዋለሁ፣ ያስኬዳል።

እንግዲህ ወደ ቢላው።

ሱሺ በወር ስንት ጊዜ የምትሠሪ ይመስልሻል? መጀመሪያ ሰሞን በየሳምንቱ ይሆናል። ከዚያ በወር 1 ጊዜ፣ ቢበዛ 2 ጊዜ። ሽንኩርትስ? በየቀኑ። ለዶሮ ወጥ ሲሆን በኪሎ። ቢላውን ለሽንኩርቱ ግዢው። ሽንኩርት በደቃቁ የሚከትፍ ቢላ የሱሺ ጥቅልን አሳምሮ ይቆርጣል። ተገላቢጦሹ ግን አይሆንም፤ በያናጊባ የወጥ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው እስካሁን አላየሁም። በነገራችን ላይ፣ ስለታም ቢላ ሲሆን እንባውም ይቀንሳል። የዶለዶመ ቢላ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ደግሞ ሲጨፈለቅ የሚወጣው ነው።

"ስንት ዓይነት?" ላልሽው፣ አዲስ የምትገዢው አንድ ብቻ ነው። 20 ወይም 21 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በሁለቱም ጎን የተሳለ፣ የማይዝግ ብረት ቢላ። ጃፓኖች ይህን ቅርጽ ጊዩቶ ይሉታል። አውሮፓውያን የሼፍ ቢላ የሚሉት ዓይነት ነው። እጅሽ ትንሽ ከሆነ 18 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነው ሳንቶኩ አለልሽ። ስሙ "ሦስት በጎ ነገር" ማለት ነው፤ ሥጋውንም ዓሣውንም አትክልቱንም ይችላል ለማለት ነው ይላሉ። እኔ ረዘም ያለውን እመርጣለሁ፤ ጥቅል ሲቆረጥ አንድ ጉተታ ይበቃዋል። ሁለቱም ግራና ቀኝ አያበላልጡም፤ አንቺም ባለቤትሽም ትሠሩባቸዋላችሁ። እጀታውን ግን እህትሽ ትየው። አንዳንድ የጃፓን እጀታ በአንድ ጎኑ ጠርዝ ያለው፣ ለቀኝ መዳፍ የተቀረጸ ነው። ክብ ወይም በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት የሆነውን ትውሰድ።

ከስም ምረጥ ካልሽኝ ሁለት እጠቅሳለሁ። ቪክቶሪኖክስ የስዊዘርላንድ ነው፣ ከ1884 ጀምሮ የሚሠራ። ፋይብሮክስ የሚባለው ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ያለው ቢላው አያምርም። ግን በብዙ አገር ሥጋ ቤትና ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ የምታገኚው እሱን ነው። ብረቱ ለስለስ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይዶለዱማል፣ ቶሎም ይሳላል። ሌላው ቶጂሮ ነው፣ የጃፓን። መሀሉ ጠንካራ ብረት፣ ጎንና ጎኑ ለስላሳ የማይዝግ ብረት። ሮክዌል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ የአውሮፓው ቢላ ከ55 እስከ 58 ሲሆን እንዲህ ያለው የጃፓን 60 ይደርሳል፣ ያልፋልም። ስለቱ ቀጭን ሆኖ ይቆያል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው የጃፓኑን አይገዛም? ጠንካራ ነገር ይሸረፋል። ብርጭቆም ጠንካራ ነው። የኛ ቤት ቢላ ደግሞ የማይሠራው ሥራ የለም። ዶሮውን 12 ብልት ያወጣል፣ አጥንት ይሰብራል፣ ቆርቆሮ ይከፍታል፣ ሲብስም ብሎን ይፈታል። የጃፓኑን ቢላ አንድ ቀን የዶሮ ጭን አጥንት ላይ ብታሳርፊው ከስለቱ ላይ ሩዝ የምታህል ቁራጭ ብን ትላለች። ስለዚህ ራስሽን ጠይቂ። ወጥ ቤትሽ የሚገባው ማን ነው? አንቺ ብቻ ከሆንሽ ቶጂሮውን ውሰጂ። እናትሽም፣ የቤት ሠራተኛም፣ ጎረቤትም የሚያነሱት ከሆነ ቪክቶሪኖክሱን ውሰጂና በሰላም ተኚ። የድሮውን የቤት ቢላ አትጣዪ። ዶሮው የእሱ ነው።

ጃፓን ውስጥ የሚሠሩ በጣም የሚያምሩ የካርቦን ብረት ቢላዎች አሉ፤ ኦሳካ አጠገብ ያለችው ሳካይ በነሱ የታወቀች ከተማ ናት። ለአንቺ አልመክርም። ሎሚ ወይም ቲማቲም ቆርጠሽ ሳትጠርጊው በር ላይ ሰው አናግረሽ ስትመለሺ ጠቁሮ ይጠብቅሻል። ላዩ ላይ የውኃ ሞገድ የሚመስል ሥዕል ያለው ርካሽ ቢላ ብታዪም አትታለዪ። እውነተኛው ሞገድ ብረት ተደራርቦ ሲቀጠቀጥ የሚወጣ ነው። ርካሹ ላይ የታተመ ነው፤ ስትስዪው ይጠፋል።

ስለ ስብስብ ነገር የራሴን ላጫውትሽ። ሆቴል ወጥ ቤት ሥራ ስጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ ደሞዞቼ በአንዱ 12 ቢላ ያለው፣ በእንጨት ማቆሚያ የተሰካ ስብስብ ገዛሁ። ያበራል። እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ላስቀምጠው ምንም አልቀረኝም። 2 ወር ሳይሞላው 12ቱም ቲማቲም መቁረጥ አቃታቸው። አንዷ ቲማቲም ላይ አንሸራታ ጣቴን ቆረጠችኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ባለቤትሽ ስለታም ቢላ ይፈራል፤ እኔ የቆረጠኝ የዶለዶመው ነው፣ ገፍተሽ ስለምትጫኚው።

በዚያው ሰሞን አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልት አንድ ልጅ ቆሜ አየሁ። ቢላው ከመሳል ብዛት አልቆ እርሳስ አክሏል። እጀታው በጎማ ተጠቅልሏል። ቆሮሶውን ከጭንቅላቱ ሥር ነክቶ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለየው የወረቀት ድምፅ እንኳን አልነበረውም። በየስንት ጊዜው እንደሚስለው ጠየቅኩት። "እምቢ ሳይለኝ በፊት" አለኝና ከጎኑ ያለችውን ድንጋይ አሳየኝ። የእኔ 12 ቢላ ድንጋይ አልነበራቸውም። የጎደለው እሱ ነበር። ዓሣውን እነሱ አሳምረው ስለሚበልቱልሽ ደግሞ ደባ የሚባለውን ወፍራሙን የጃፓን የዓሣ ቢላ ማሰብ የለብሽም።

ስለዚህ ከቢላው ቀጥሎ ገንዘብሽን ድንጋይ ላይ አውዪው። 1000 ቁጥር የሆነ የጃፓን መሳያ ድንጋይ አንድ ይበቃሻል። ቁጥሩ ሲያንስ ድንጋዩ ሸካራ፣ ሲበዛ ለስላሳ ነው። ከ220 እስከ 400 ያለው የተሸረፈ ቢላ ማስተካከያ ነው። ከ3000 እስከ 6000 ያለው ማለስለሻ ነው። በሁለት ፊቱ 1000 እና 6000 የሆነ ካገኘች ጥሩ፣ ካላገኘች አትልፋ።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። ድንጋዩ የሚዘፈዘፍ ዓይነት ከሆነ አረፋ ማውጣት እስኪያቆም፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ አቆዪው። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጊ፣ እንዳይንሸራተት። ቢላውን ድንጋዩ ላይ አስተኚውና ጀርባውን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ በሚል ልክ አንሺው፣ የትንሿ ጣትሽን ውፍረት ያህል። 15 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ለቪክቶሪኖክሱ ትንሽ ከፍ በይ። ያንን ከፍታ ሳትለውጪ ግፊ፣ ሳቢ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሲደክመው እጁ ይወዛወዛል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በወዲያኛው ጎን በኩል ስለቱን በጣትሽ ወደ ውጭ ስትዳብሺው (ወደ ውጭ ብቻ፣ በስለቱ ርዝመት እንዳትሄጂ) ቀጭን ሸካራ ነገር ይሰማሻል። ያኔ ገልብጪው። በሌላውም ጎን ያው ሸካራ ሲመጣ ቀለል እያደረግሽ እያገላበጥሽ ጨርሺው። ከዚያ የበሰለ ቲማቲም ላይ አሳርፊው። ሳትጫኚው ከገባ ጨርሰሻል። ከ2 ወይም ከ3 ወር አንዴ ይበቃል። የመጀመሪያ ልምምድሽን ግን በድሮው ቢላ አድርጊው።

ድንጋዩ እስኪመጣ በሲኒ ቂጥ መሳል ትችያለሽ። ከታች ያልተቀባችው ሸካራ ክብ ቀለበት ትስላለች። እናቴ ከዚያ ሌላ መሳያ አልነበራትም፤ ቢላዋም ይቆርጥ ነበር። ገበያ ዳር በሚሽከረከረው ድንጋይ ለሚስሉት ግን አዲሱን ቢላ አትስጪ። ብልጭታ እየረጨ ሲስል ብረቱ ይግላል፤ ከጋለ ጥንካሬው ይሄዳል። ለመጥረቢያና ለድሮው ቢላ ይሁንላቸው።

መክተፊያሽ እንጨት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። የዋንዛ እንጨት ካገኘሽ ደስ ይላል። መስታወት፣ እብነ በረድ፣ የብረት ትሪ ላይ መቁረጥ ስለቱን በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል።

አሁን ያ 20 ዕቃ ያለው ካርቶን። በደብዳቤሽ ዝርዝሩን አልጻፍሽም፣ ግን እንዲህ ያለ ካርቶን ውስጥ የሚገባውን አውቃለሁ። የቀርከሃ ምንጣፍ፣ የሩዝ ማንኪያ፣ ቾፕስቲክ በብዛት፣ የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫዎች፣ ሩዝ ከትተሽ የምትገፊው ባዙካ የሚሉት ቱቦ፣ ትንሽ ቢላ። ቢላው አይቆርጥም። ባዙካው ለልጆችሽ መጫወቻ ነው፤ ለመታጠብ ደግሞ ያስቸግራል። ከዚህ ሁሉ በእውነት የሚያስፈልግሽ ምንጣፉ ነው፣ ማኪሱ ይሉታል። 24 በ24 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በጥጥ ክር የተያያዘ። ለብቻው ተገዝቶ ቀላል ነው። የሲዳማ ደጋ ሰው ከቀርከሃ ቤት ሙሉ ይሠራል፤ ይህችን ምንጣፍ የሚሠራልሽ ባለሙያም ላታጪ ትችያለሽ። ሲጠቀለል በፕላስቲክ መጠቅለያ ሸፍኚው፤ ሩዝ ክፍተቱ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ከታጠበ በኋላ በደንብ ይድረቅ፣ አለዚያ ይሻግታል።

ኖሪ፣ ማለትም እንደ ወረቀት የደረቀው የባሕር አረም፣ ከዱባይ ይምጣ። አንዱ ቅጠል 19 በ21 ሳንቲ ሜትር ነው። እርጥበት አይወድም። ሐዋሳ ደግሞ ሐይቅ ዳር ናት፣ በክረምት ጨውም ይረጥባል። ከተከፈተ በኋላ ክዳኑ ጥብቅ በሚል ዕቃ አስቀምጪ።

ለእህትሽ ይህንን ጻፊላት፦ "አንድ 21 ሳንቲ ሜትር ቢላ በሁለቱም ጎን የተሳለ፣ አንድ 1000 ቁጥር ድንጋይ፣ አንድ ማኪሱ፣ ኖሪ፣ አንድ ጠርሙስ የሩዝ አቼቶ፣ ሶይ ሶስ፣ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን።" ቢላው በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። በእጅ ቦርሳ ከያዘችው አውሮፕላን ማረፊያ ይወስዱባታል። ስለቱን በካርቶን ትጠቅልለው። ድንጋዩ ይከብዳል፣ ከወደቀም ይሰበራል፤ በልብስ መሀል ይሁን።

የቀረውን እዚሁ ታገኚዋለሽ፣ እንዲያውም የተሻለውን። ጃፓኖች ሩዙን የሚያቀምሙበት ሀንጊሪ የሚሉት ሰፊ የእንጨት ዕቃ አላቸው። ኢንተርኔት ላይ ዋጋውን አይተሽ እንዳትደነግጪ። እንጨት የሚመረጠው ከሩዙ የሚተርፈውን እርጥበት ስለሚጠጣ ነው። ገበቴ ማለት ነው እኮ! በርበሬና ሽንኩርት ያልነካው ገበቴ ውሰጂ፣ በውኃ አርሰሽ ጥረጊው፣ ሩዙ አይጣበቅም። አሉሚኒየም አትጠቀሚ፤ አቼቶ አይስማማውም። ማማሰያም አይሆንም፣ ሩዙን ያቦካዋል። ጠፍጣፋ የእንጨት ማንኪያ ፈልጊ።

ሩዙ ባስማቲ አይሁን። ባስማቲ የተፈጠረው እንዳይጣበቅ ነው። አጭርና ክብ ፍሬ ያለው ነው የሚያስፈልግሽ። የሱሺ ሩዝ ካላገኘሽ የፎገራን ሩዝ ስባሪ ያልበዛበትን መርጠሽ አንድ ሲኒ ቀቅለሽ ሞክሪ። በጣትሽ ስትጨብጪው ከተያያዘ ይሆናል። ውኃው እስኪጠራ እጠቢው፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው። ከሩዙ ልክ ትንሽ ከፍ ያለ ውኃ አድርጊ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የጃፓን አሠራር ከሚለው ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ክዳኑ የሚከብድ ድስት ካለሽ የሩዝ ማብሰያ ማሽን አያስፈልግሽም። ከእሳት ካወረድሽውም በኋላ 15 ደቂቃ ሳትከፍቺ ተዪው።

ለ300 ግራም ደረቅ ሩዝ 4 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ አቼቶ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጨውና ስኳሩ እስኪሟሟ አቼቶውን ለብ አድርጊው። የኛ ሱቅ ነጭ አቼቶ ከሆነ ኃይለኛ ስለሆነ ቀንሺው። ሩዙ ትኩስ እንዳለ ገበቴው ላይ ገልብጪና አፍስሺበት። በማንኪያው እየቆረጥሽ ገልብጪው እንጂ አታማስዪው። ፍሪጅ ውስጥ ለማቀዝቀዝ እንዳትሞክሪ፣ ድርቅ ይላል።

ሲቆረጥ ቢላውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ በየቁርጡ። ጥቅሉን መጀመሪያ እኩል ለሁለት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለሦስት ወይም ለአራት።

ባለቤትሽንም ሥራ አታሳጪው። ሩዙ ሲለወስ በላዩ ላይ ማራገብ ያስፈልጋል፤ ቶሎ ይበርዳል፣ ላዩም ያብረቀርቃል። ለቡና ከሰል የምታራግቢባት ማራገቢያ ካለች አመዷን አራግፈሽ ለእሱ ስጪው። ሩዙ የሰውነት ሙቀት ያህል ሲሆን ያቁም። ከጥቅሉ ጫፍና ጫፍ የሚቀሩት ሁለት የተንጨፈረሩ ቁራጮች ለእንግዳ አይቀርቡም። እነሱ እዚያው ቆሞ ያራገበው ሰው ድርሻ ናቸው።